ኳሱ ከመምጣቱ በፊት፦ ወጣት ዋይድ ሪሲቨርን እንዴት እንመዝን?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ ወይም በዳላስ በሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ የአሜሪካ ፉትቦል ከእንግድነት ወጥቷል። ልጆች በሃይስኩል ይጫወቱታል፣ ታላላቆቻቸው ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ፋንታሲ ሊግ ይገባሉ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የኤንኤፍኤል ድራፍት (ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ሲደርስ ደግሞ ያው ጥያቄ ይነሳል፦ «ይህ ልጅ ፕሮ ሆኖ ያዋጣል?» ልጁ ዋይድ ሪሲቨር ከሆነ፣ ማለትም ሥራው ሮጦ ከተከላካይ ማምለጥና ኳርተርባኩ የወረወረለትን ኳስ መያዝ ከሆነ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ የሀይላይት ቪዲዮና ከ40 ያርድ ሩጫ ሰዓት። ሁለቱም ለብቻቸው ያሳስታሉ። የሪሲቨር ዋናው ሥራ የሚያልቀው ኳሱ እጁ ሳይገባ በፊት ነውና። ተከላካዩን ጥሎ ክፍተት የሚፈጥርና በዚህም ኳርተርባኩን ደጋግሞ ወደ እሱ እንዲወረውር የሚያስገድድ ልጅ ችሎታውን ይዞ ወደ ላይኛው ደረጃ ይሻገራል። ሌላው ሁሉ፣ ፍጥነቱም ቁመቱም ዝላዩም፣ ይህን ሥራ ምን ያህል አገዘ ተብሎ መመዘን አለበት።

ለዚህ ከ2020ው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ድራፍት የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያ ዓመት ጀስቲን ጄፈርሰን በ22ኛ ተራ ለሚኒሶታ ቫይኪንግስ ሲመረጥ አራት ሪሲቨሮች ቀድመውት ተጠርተው ነበር፤ ሄንሪ ረግስ በ12ኛ፣ ጄሪ ጁዲ በ15ኛ፣ ሲዲ ላም በ17ኛ፣ ጄለን ሬገር በ21ኛ። ረግስ 40 ያርዱን በ4.27 ሰከንድ ሮጧል፤ ጄፈርሰን በ4.43። ጄፈርሰን በመጨረሻው የኮሌጅ ዓመቱ ብዙ የተጫወተው በውስጠኛው ቦታ ስለነበር፣ ፊት ለፊት የሚጋፋውን ተከላካይ፣ ኮርነርባኩን፣ ከዳር ቆሞ ማሸነፍ ይችል እንደሆነ የሚጠራጠሩ ነበሩ። በመጀመሪያው የፕሮ ዓመቱ 1,400 ያርድ ሠራ። ከእሱ አንድ ተራ ቀድሞ በፊላዴልፊያ ኢግልስ የተመረጠው ሬገር ደግሞ በዚያ ቡድን በሁለት ዓመት ያገኘው 695 ያርድ ነው። ይህ ልዩነት በሰዓት መቁጠሪያ አይታይም። በፊልሙ ላይ ግን ይታይ ነበር፤ የሚታይበትን መንገድ ነው ከዚህ በታች በቅደም ተከተል የማስረዳው።

የሚያስፈልግዎ ብዙ አይደለም። ደብተርና እስክሪብቶ፣ የልጁ የትውልድ ቀን፣ የራሱና የቡድኑ የየዓመቱ ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢያንስ የአራት ጨዋታ ሙሉ ፊልም ይያዙ። ከአራቱ ሁለቱ ጠንካራ ተጋጣሚ የገጠመባቸው ይሁኑ። የሃይስኩል ልጅ ከሆነ አሠልጣኞች ፊልሙን ሃድል የተባለው ድረ ገጽ ላይ ስለሚጭኑት ልጁን ወይም አሠልጣኙን ይጠይቁ። የኮሌጅ ከሆነ ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ላይ የሚታዩበትን ከላይ የተቀረጸ ፊልም ይፈልጉ፤ ካጡ በቴሌቪዥን የተላለፈውን ሙሉ ጨዋታ ይጠቀሙ። የቅደም ተከተሉን ነገር አደራ። የሩጫ ሰዓቱን ፊልሙን ሳያዩ ከሰሙት፣ ዓይንዎ ፊልሙን የሚያየው ያንን ሰዓት ለማረጋገጥ ይሆናል።

1. የሚመልሱትን ጥያቄ ይወስኑ

«ጎበዝ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ኤንኤፍኤል ውስጥ ሦስተኛ ሪሲቨር ሆኖ አምስት ዓመት መቆየትና የቡድን ቁጥር አንድ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ችሎታ ይለያያል። ስለዚህ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ይህ ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ የአንድ ቡድን ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል?» ወይም «ከጓደኞቼ ጋር በያዝነው ፋንታሲ ሊግ የመጀመሪያ ምርጫዬን ላውልበት?» ወላጅ ከሆኑ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ለድራፍት ብቁ ከሚሆኑ የኮሌጅ ተጫዋቾች መካከል ኤንኤፍኤል የሚደርሱት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም፤ በዚያ ላይ ከሃይስኩል ከወጣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ድራፍት ውስጥ መግባት አይችልም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብ ዛሬ መጠየቅ የሚችለው «ኮሌጅ ድረስ የሚወስደው ችሎታ አለው? ከዓመት ዓመትስ እየጨመረ ነው?» የሚለውን ነው። ቀጣዮቹ እርምጃዎች ለዚህም ያገለግላሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ፍርድ ብቻ ይለወጣል።

2. ዕድሜውን ከሥራው ጎን ያስቀምጡ

በየዓመቱ የሠራውን ያርድ በአንድ ዓምድ፣ በዚያ ዓመት የነበረውን ዕድሜ በሌላ ዓምድ ይጻፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሃያ ሁለትና ከሃያ ሦስት ዓመት ወንዶች ጋር ተጋጥሞ ካሸነፈ፣ ያሸነፈው በሰውነት ብስለት አይደለም። ጃማር ቼስ በ2019 ለኤልኤስዩ ዩኒቨርሲቲ 1,780 ያርድና 20 ታችዳውን ሲሠራ ገና 19 ዓመቱ ነበር። የሚቀጥለውን የኮሌጅ ዓመት ጨርሶ ሳይጫወት ቀርቶ እንኳ በ2021 በ5ኛ ተራ ተመረጠ፤ በመጀመሪያ ዓመቱም 1,455 ያርድ ሠራ። በአምስተኛ የኮሌጅ ዓመቱ ብቻ የደመቀ ልጅ ግን ከእሱ በዕድሜ የሚያንሱትን እየበለጠ ሊሆን ይችላል፤ ደብተርዎ ላይ የጥያቄ ምልክት ያኑሩበት።

ይህ መለኪያ ተቃውሞ ይነሳበታል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ቴሪ መክሎሪን ከኦሃዮ ስቴት ሲወጣ ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ በ2018 የያዘውም 35 ኳስ ብቻ ነው። ዋሽንግተን በ2019 በ76ኛ ተራ ወሰደውና ከ2020 እስከ 2024 በተከታታይ አምስት ዓመት ከ1,000 ያርድ በላይ ሠራ። እንዲህ ያለ ሰው የዕድሜውን መስፈርት ውድቅ ያደርገዋል? አያደርገውም። የሚያስተምረን ግን አለ፦ ዕድሜ በር አይዘጋም፤ የበለጠ ማስረጃ እንድንጠይቅ ያደርገናል። መክሎሪን ያንን ማስረጃ አቅርቧል፤ እነዚያ 35 ኳሶች 701 ያርድና 11 ታችዳውን አስገኝተዋል። ዕድሜን ለብቻው ይዞ ልጅ መጣል መዛኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ስሕተት ነው።

3. የድርሻውን መጠን ያስሉ

ጥሬ ቁጥር ስለ ልጁ የሚናገረውን ያህል ስለ ቡድኑ ይናገራል። በየጨዋታው ሃምሳ ጊዜ የሚወረውር ቡድን ሪሲቨሮቹን ሁሉ ባለ ብዙ ያርድ ያደርጋል፤ ሩጫ ላይ የሚያተኩር ቡድን ደግሞ ጎበዙን ይደብቃል። ስለዚህ የልጁን ያርድ ለቡድኑ ጠቅላላ የመወርወር ያርድ ያካፍሉ። ቡድኑ 3,000 ሠርቶ እሱ 900 ካገኘ ድርሻው 30 ከመቶ ነው። በዚህ ሥራ የቆዩ መዛኞች 30 ከመቶን እንደ መልካም ምልክት፣ ከ20 በታች የሆነውን ደግሞ እንደ ማስጠንቀቂያ ይወስዳሉ። ልጁ በጉዳት የቀረባቸው ጨዋታዎች ካሉ ከሁለቱም ወገን ማውጣትዎን አይርሱ። የሮጣቸው ሩቶች ቁጥር ከተገኘ (ሩት የሚባለው ለሪሲቨሩ አስቀድሞ የተነደፈለት የሩጫ መንገድ ነው) ያርዱን ለዚያ ያካፍሉ። በኮሌጅ በአንድ ሩት ከ2 ያርድ በላይ ጥሩ ነው፣ ወደ 3 የተጠጋ ብርቅ ነው። ከሁሉም መለኪያ ይህኛውን አስበልጣለሁ። ልጁ ሜዳ ላይ በቆመ ቁጥር ኳሱን ምን ያህል እንደሳበ በቀጥታ የሚናገረው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ማጣራት አለ። ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር ኋላ የሚሰጡት አጫጭር ኳሶች፣ ገና ሳይሮጥ እጁ ላይ የሚቀመጡለት፣ ያርድ ያስቆጥራሉ እንጂ ተከላካይ ማሸነፉን አይመሰክሩም። በፊልሙ ላይ ቆጥረው ይቀንሷቸው። ግማሽ ያርዱ ከእነሱ የመጣ ልጅ ሲያዩ ቁጥሩን የሠራው የአሠልጣኙ ንድፍ መሆኑን ይወቁ።

«አብረውት ያሉት ጎበዞች ከሆኑስ?» የሚለውም መመለስ አለበት። የ2019ኙ ኤልኤስዩ 15 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አልተሸነፈም። ጄፈርሰን በዚያ ዓመት የሠራው 1,540 ያርድ ከቡድኑ ጠቅላላ ከሩብ ጥቂት ከፍ ቢል ነው፤ 30 ከመቶን አይሞላም። ግን ኳሱን ይጋራው የነበረው ጃማር ቼስ ነበር፤ ከጎናቸውም በ2021 በሁለተኛው ዙር የተመረጠው ቴረስ ማርሻል አለ። በአላባማም እንዲሁ ነው። ዴቮንታ ስሚዝ ከጁዲ፣ ከረግስና ከጄለን ዋድል ጋር አንድ ሜዳ ተካፍሏል፤ አራቱም ኋላ በመጀመሪያው ዙር ተመርጠዋል። ስሚዝ ቦታው ሲለቀቅለት በ2020 የውድድር ዓመት 1,856 ያርድ ሠርቶ የሃይዝማንን ሽልማት ወሰደ። ስለዚህ ድርሻው ያነሰ ልጅ ሲገጥምዎ የጎረቤቶቹን ስም ይጻፉ። ከነሱ መካከል ፕሮ የሚሆን ከሌለ ግን ይህ ሰበብ አይሠራም፤ ተራ ጓደኞቹን ያልበለጠ ልጅ ኤንኤፍኤል ውስጥ ይበልጣል ብሎ ማሰብ ምክንያት የለውም።

4. ፊልሙን ይመልከቱ፤ ኳሱን አይከተሉ

ዋናው ሥራ ይኸኛው ነው፤ ጊዜዎን ለዚህ ይቆጥቡ። በደብተሩ ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ አወጣጥ፣ መታጠፊያ፣ ክፍተት፣ ውጤት። እያንዳንዱን የመወርወር ጨዋታ ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። በመጀመሪያው ዓይንዎ ከልጁ እግርና ዳሌ አይነቀል፤ በሁለተኛው ተከላካዩን ይመልከቱ። በተለይ ኳሱ ወደ ሌላ ሰው የሄደባቸውን ጨዋታዎች አይዝለሉ። ሀይላይት ውስጥ የማይገቡት እነሱ ናቸው፤ ልጁ በሜዳ የሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛው ግን ይኸው ነው። የተያዘ ኳስ ሁሉ ክፍተት ነበር ማለት አይደለም፤ ያልተወረወረ ኳስ ሁሉም ክፍተት አልነበረም ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ልጁ ብቻውን ቆሞ ኳርተርባኩ አላየውም። ያ ለልጁ ድል ነው፤ ምልክት ያድርጉበት።

ምን እንደሚፈለግ ለማየት አንድ ስላንት እንውሰድ፤ ሦስት እርምጃ ያህል ሮጦ ወደ ሜዳው መሐል የሚታጠፍበት አጭር ሩት ነው። ሪሲቨሩ መስመሩ ላይ ቆሟል፤ ኮርነርባኩ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊቱ ተገትሯል። ኳሱ ሲነሳ ያልበሰለው ልጅ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይነጉዳል፤ ኮርነርባኩም በሁለት እጁ ደረቱን ይገፋውና ሩቱ እዚያው ይሞታል። የበሰለው ግን የውጭ እግሩን አንዴ ወደ ሜዳው ጠርዝ ይጥላል። ትከሻው አብሮ ይሄዳል፤ ዓይኑ ሳይቀር ወደዚያ ያያል። የኮርነርባኩን ዳሌ አሁን ይመልከቱ። ዳሌው ወደ ውጭ ከዞረ ነገሩ አብቅቷል፤ የዞረ ዳሌ ለመመለስ አንድ ሙሉ እርምጃ ይፈጃልና። በዚያች ቅጽበት ሪሲቨሩ የተዘረጋበትን ክንድ በእጁ መትቶ ያወርዳል፣ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ይሻገራል፣ ጀርባውንም በተከላካዩና በሚመጣው ኳስ መሐል ያደርጋል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ኳሱ ሲደርስ መያዙ ቀላል ይመስላል፤ ቴሌቪዥኑም የሚያሳየው ይህንኑ ቀላሉን ክፍል ነው።

መታጠፊያው ላይ ደግሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው። በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ በድንገት መቆም ወይም መዞር ሲኖርበት፣ ከመታጠፉ በፊት ስንት ትንንሽ እርምጃ ይረግጣል? ትከሻው ቀና ካለ፣ እርምጃውም ከተበታተነ ተከላካዩ ምልክቱን አንብቦ ይቀድመዋል። ጥሩው ልጅ ወገቡን ዝቅ አድርጎ በሁለት ወይም በሦስት እርምጃ ይቆማል፤ እስከዚያች ድረስም ረጅም ሩጫ የሚሮጥ ነው የሚመስለው። ሁሉንም ሩት በአንድ መልክ መጀመር ትልቅ ችሎታ ነው። በዞን መከላከል (ተከላካዮቹ ሰው ሳይሆን ቦታ ሲጠብቁ) ላይ ሲሆን ደግሞ ተከላካዮች መሐል ያለውን ባዶ ቦታ አውቆ እዚያ ይቆማል ወይስ ሳያስተውል ሮጦ ወደ ሁለተኛው ተከላካይ እጅ ይገባል? ይህን ማወቅ የአእምሮ ሥራ ነው፤ ኋላ የምንመለስበትን ኩፐር ካፕን ያነገሠውም በአመዛኙ ይኸው ነው።

የኮሌጅ ሜዳ ከኤንኤፍኤል የሚለይባቸውን ሁለት ነገሮች ልብ ይበሉ። በኮሌጅ ኳስ ሲያዝ አንድ እግር ሜዳ ውስጥ ማረፉ ይበቃል፤ በኤንኤፍኤል ሁለቱም ማረፍ አለባቸው። ስለዚህ ጠርዝ ላይ የተያዘውን እያንዳንዱን ኳስ አቁመው ሁለተኛውን እግር ይፈልጉ። ሌላው፣ ጨዋታ የሚጀመርባቸው መሐል ሜዳ ላይ ያሉት ሁለት የመስመር ምልክቶች በኮሌጅ 40 ጫማ ይራራቃሉ፤ በኤንኤፍኤል 18 ጫማ ተኩል ብቻ። በኮሌጅ ኳሱ ከአንዱ ወገን ሲነሳ በሌላው ወገን ሰፊ ሜዳ ይከፈታል፤ እዚያ የተገኘ ክፍተት ከልጁ እግር ይልቅ ከሜዳው ስፋት የመጣ ሊሆን ይችላል። በጠባቡ ወገን ያሸነፋቸውን ለይተው ይቁጠሩ።

5. እጁን ይመዝኑ፤ ግን አያጋኑት

ኳስ የሚጥል ሪሲቨር ያናድዳል፤ ንዴትም ፍርድ ያዛባል። በአንድ የውድድር ዓመት የሚጣሉት ኳሶች ጥቂት ስለሆኑ ሁለት ሦስት ሲጨመር ወይም ሲቀነስ መቶኛው ይዘላል። ይበልጥ የሚጠቅመው አያያዙን ማየት ነው፦ ኳሱን እጁን ዘርግቶ በጣቶቹ ይወስዳል ወይስ ደረቱ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል? ደረቱ ላይ የሚጠብቅ ልጅ የተከላካዩ እጅ እንዲገባ ጊዜ ይሰጣል።

ከተከላካይ ጋር ተናጥቆ የሚይዘው ልጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያታልላል። ሀይላይቱ ያምራል፤ ልብ ይሰቅላል። ግን ይህን ያህል የሚናጠቀው ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ክፍተት ስለማይፈጥር ከሆነ ላይኛው ደረጃ ላይ ያሉት ተከላካዮች ረጃጅሞችና ጠንካሮች ናቸውና ያ ጥቅም ይጠፋል። ኒኪል ሃሪ በ2019 በ32ኛ ተራ ሲመረጥ የታወቀው በዚህ ነበር። በኒው ኢንግላንድ በሦስት ዓመት 600 ያርድ አልሞላለትም፤ ከእሱ በኋላ በዚያው ድራፍት ዲቦ ሳሙኤል፣ ኤጄ ብራውን፣ ዲኬ ሜትካፍና መክሎሪን ተመርጠዋል።

6. አሁን የሰውነት መለኪያውን ይክፈቱ

በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ በሚካሄደው የድራፍት ዕጩዎች መመዘኛ፣ ኮምባይን፣ ላይ ወጣቶቹ 40 ያርድ፣ ማለትም 36.6 ሜትር ያህል፣ ይሮጣሉ፤ ይዘላሉ፤ በጠባብ ቦታ የመዞር ፈተናም ይወስዳሉ። ለሩጫ ቅርብ የሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህን ፈተና ባሕርይ በቀላሉ ይረዳዋል። በአሯሯጭ የተመዘገበ ፈጣን ሰዓት በሻምፒዮና የመጨረሻ ዙር ላይ ለሚደረገው ፍልሚያ ዋስትና አይሰጥም፤ አሯሯጭ በሌለበት ፍልሚያ የሚያሸንፈው መቼ መፈትለክ እንዳለበት የሚያውቀው ነው። ኮምባይንም ተከላካይ የሌለበት፣ ኳስ የሌለበት፣ ልጁ ለወራት የተለማመደው ሩጫ ነው። ጆን ሮስ በ2017 በ4.22 ሰከንድ ክብረ ወሰን ሰብሮ በ9ኛ ተራ ተመረጠ፤ ጉዳትም እየተፈራረቀበት በጠቅላላ የፕሮ ዘመኑ 1,000 ያርድ አልሞላም። በዚያው ድራፍት ካፕ 4.62 ሮጦ በ69ኛ ተራ ተመረጠ፤ በ2021 በአንድ ዓመት ብቻ 145 ኳስ ይዞ 1,947 ያርድ ሠራ።

«ፍጥነት አይሠለጥንም፤ ሩት ግን ይሠለጥናል» የሚል መልስ ይሰማል፤ በአሠልጣኞችም ዘንድ የተለመደ ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ተከላካይ የሚፈራው ፍጥነት ራሱ ክፍተት ይፈጥራል፤ ኮርነርባኩ እንዳይቀደም ብሎ ቀድሞ ያፈገፍጋልና። ስለዚህ ሰዓቱን እንደ ማለፊያ መስመር ይያዙት። ከ4.6 በላይ የሮጠ ልጅ ካለዎት ፊልሙ ላይ አወጣጡና መታጠፊያው እጅግ የጠራ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ግን የአንድ አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ከፊልሙ ፍርድ አይብለጥ። ሜትካፍን ደግሞ እንመልከት። 1.91 ሜትር ቁመትና 103 ኪሎ ይዞ በ4.33 ሮጠ፤ በመዞር ፈተናው ግን 7.38 ሰከንድ ፈጀበት፤ ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ በወጣትነቱ ከወሰደው 7.20 እንኳ የዘገየ ነው። ቡድኖች እስከ 64ኛ ተራ ተዉት። ሲያትል ግን ቀጥታ በሚሮጥባቸው ሩቶች ተጠቀመበት፤ በሁለተኛ ዓመቱ 1,303 ያርድ ሠራ። የሰውነት መለኪያ ልጁ ምን ዓይነት ሥራ ሊሰጠው እንደሚገባ ይጠቁማል፤ ዓይንዎ ያየውን ግን አይሽርም። የሕክምና ታሪኩንም እዚሁ ይጻፉ፦ ያው ጡንቻ ወይም ያው ጉልበት ደጋግሞ ከተጎዳ የሚያሳስበው መደጋገሙ ነው።

7. ተጋጣሚዎቹን ይለዩ

ከትንሽ ኮሌጅ የመጣ ልጅ ቁጥሩ ይገዝፋል፤ ሰውም ወዲያው «ማንን ገጥሞ?» ይላል። ጥያቄውን በመገመት አይመልሱ፤ ጠንካራ ቡድን የገጠመባቸውን ጥቂት ጨዋታዎች ለይተው ይዩ። ካፕ የተጫወተው በኢስተርን ዋሽንግተን ነው፤ ከከፍተኛው የኮሌጅ ምድብ በታች ያለ ትምህርት ቤት። በ2015 ኦሪገንን ሲገጥም ግን 15 ኳስ ይዞ 246 ያርድና 3 ታችዳውን አስቆጠረ። እንዲህ ያለ አንድ ጨዋታ ከደካማ ቡድን ጋር ከተደረጉ አሥሩ ይበልጣል። በየዓመቱ ከድራፍቱ በፊት ሞቢል፣ አላባማ ላይ የሚደረገው የኮሌጅ ተጫዋቾች ጨዋታ፣ ሲኒየር ቦውል፣ም ለዚህ ይጠቅማል። የልምምዱ ሳምንት ላይ ሪሲቨርና ኮርነርባክ አንድ ለአንድ ይፋለማሉ፤ ከትንሽ ኮሌጅ የመጣው ልጅ ከትልልቆቹ ጋር እኩል ሜዳ ላይ ይቆማል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ በዚያ ልምምድ ሪሲቨሩ ሰፊ ቦታና ጊዜ ስላለው ፍልሚያው ሁልጊዜ ለእሱ ያደላል። ማሸነፉን ሳይሆን በስንት እርምጃ እንዳሸነፈ ይመልከቱ።

8. የድራፍቱን ተራና የሚገባበትን ቡድን ያስገቡ

እስካሁን ያለው ስለ ልጁ ነበር፤ ይህ ስለ ዕድሉ ነው። «ቡድኖቹ መቶ ሰው አሰማርተው ከተሳሳቱ እኔ በደብተር ምን እጨምራለሁ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፣ እርስዎ የማያዩትን የሕክምና ምርመራና ቃለ መጠይቅ ያያሉ። ስለዚህ ተራው እንደ አንድ ማስረጃ ይቆጠር። ሌላም ነገር አለበት፦ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ቡድኑ ብዙ ስለከፈለበት ቢሳሳትም ዕድል ደጋግሞ ይሰጠዋል፤ በአምስተኛው ዙር የተመረጠው አንዴ ከተሳሳተ ሊሸኝ ይችላል። ፑካ ናኩዋ በ2023 በ177ኛ ተራ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ 105 ኳስና 1,486 ያርድ በመሥራት በወቅቱ የነበረውን የሩኪ (የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች) ክብረ ወሰን ሰበረ። አሞን-ራ ሴንት ብራውንም በ2021 የተጠራው 16 ሪሲቨሮች ካለፉት በኋላ በ112ኛ ተራ ነው። እነዚህን ጠቅሶ «ተራ ምንም አይደለም» ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ በእነዚያው ዙሮች ተመርጠው ስማቸው የማይነሳው ብዙ ናቸው። ፊልሙና ድርሻው ከተራው በላይ ከመሰከሩለት ብቻ ነው ከገበያው መለየት ያለብዎ። ቡድኑን በተመለከተ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ኳርተርባኩ ማን ነው፣ ከልጁ በፊት ኳስ የሚደርሳቸው ስንት ናቸው፣ አሠልጣኙስ ልጁ ኮሌጅ ላይ ያሸነፈበትን ሩት ይጠቀማል?

9. ፍርድዎን በቁጥር ይጻፉና ቀን ያስቀምጡ

«ተስፋ አለው» ብለው አይጻፉ፤ ተስፋ የሌለው የለም። «ቋሚ ተሰላፊ የመሆን ዕድሉ ከአሥር አራት ነው፤ ምክንያቴ እንዲህ ነው፤ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ደግሞ ይህ ነው» ብለው ይጻፉ። ሐሳብ የሚያስቀይረውን አስቀድሞ መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል፤ በኋላ ራስን ከማታለል የሚያድንም እሱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሲጀምር ታችዳውኑን አይቁጠሩ። ቡድኑ በወረወረ ቁጥር ልጁ ሜዳ ላይ ሆኖ ሩት የሮጠው ከመቶ ስንት ጊዜ እንደሆነና ከሮጠው ውስጥ ኳሱ ስንት ጊዜ ወደ እሱ እንደመጣ ብቻ ይከታተሉ። ከስድስተኛው ሳምንት በፊት ደግሞ ምንም አይሰርዙ። ጄፈርሰን በ2020 በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች የያዘው 5 ኳስ፣ የሠራውም 70 ያርድ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቴነሲ ታይታንስን ሲገጥም 7 ኳስ ይዞ 175 ያርድ ሠራ።